ልጆችን የጦርነት መታሰቢያ ቦታ እንውሰድ ወይስ እንተው?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በዓል ሲመጣ ቤተሰብ ሰብስቦ ጦርነት የተደረገበት ቦታ ወይም ሐውልት ድረስ መሄድ ለልጅ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? ሁለት የጎንደር ሰዎች ተከራክረውበታል። አንዱ የአዘዞ ነዋሪና የሦስት ልጆች አባት ናቸው። ሌላዋ ማራኪ የምትኖር የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነች።

የአዘዞው አባት፦

እኔ ይወሰዱ ባይ ነኝ። እንዲያውም ዘግይተናል። ትልቋን ልጄን ጣሊያን መቼ ተባረረ ብትሏት ሚያዝያ 27 ትላለች። ትምህርት ቤት የነገራት እሱን ነዋ! ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው፣ እሱ ልክ ነው። ያን ቀን ግን ጎንደር ገና በጣሊያን እጅ ነበረች። ጄኔራል ናሲ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው፤ አገሩ በሙሉ እልል ካለ ከስድስት ወር በላይ ቆይቶ ማለት ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው የጣሊያን ትልቅ ምሽግ የኛው ከተማ ነበረች። የመጨረሻው ቀን ውጊያ ደግሞ እዚሁ አዘዞ ላይ ነበር፣ እኛ ባጃጅ የምንጠብቅበት ሰፈር።

ከዚያ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ከጎንደር በስተደቡብ ያለው የጣሊያን ምሽግ፣ ቁልቋል በር፣ ተያዘ። አሁን ይሄን ስሙኝ። ጣሊያን አገር ካራቢኜሪ የሚባሉት ወታደሮች በየዓመቱ ያን ቀን ያስባሉ። በቁልቋል በር ስም የተሰየሙ መንገዶችም አሏቸው። የወረረን ሰው የልጅ ልጅ የቦታውን ስም ያውቃል፣ የኔ ልጅ ግን ኅዳር 12ን የምታውቀው ሰፈሩ ቆሻሻ ሲያጥን በሚያፍናት ጭስ ነው። ይሄ አያናድድም?

ፋሲል ግቢስ ቢሆን? ለሰርግ ፎቶ እንሄዳለን። ጣሊያን ግቢውን ቢሮ አድርጎት እንደነበር፣ በዚያው ጦርነት እንግሊዞች የጣሉት ቦምብ የአድያም ሰገድ ኢያሱን ግንብ እንደጎዳው ለልጁ የሚነግር ወላጅ ስንት ነው?

የማራኪዋ መምህርት፦

ጋሼ፣ በታሪኩ አልከራከርዎትም። ኅዳር 18ን እኔም ክፍል ውስጥ ባስተምር ደስ ይለኛል። የምቃወመው ትንንሾቹን እጅ ይዞ እዚያ ማቆሙን ነው። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ተኩስ ያልሰማ የጎንደር ልጅ ካለ እስቲ ያሳዩኝ። በር ጓ ባለ ቁጥር ጠረጴዛ ሥር የሚገባ ተማሪ አለኝ። ያ ልጅ ምሽግ ምን እንደሆነ ማንም ሳያስጎበኘው ያውቃል።

ደግሞስ እዚያ ሄደን ምን እንላቸዋለን? የምንለው ይታወቃል። ጀግና፣ ሽለላ፣ ፉከራ፣ ከዚያ ፎቶ። መሃል ከተማ የቆመው የአፄ ቴዎድሮስ ሐውልት ሥር ልጆቻችንን ደርድረን እናነሳለን። ንጉሡ መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ከጠጡ በኋላ ስለቀረው ልጅ ግን ማን ይነግራቸዋል? ልዑል ዓለማየሁ እንግሊዞች ሲወስዱት እኮ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፣ የኔ ተማሪዎች እኩያ። አባት የለ፣ እናቱም መንገድ ላይ ሞተችበት። በ18 ዓመቱ ሰው አገር አረፈ፣ እስከ ዛሬም አፅሙ ዊንዘር ነው። ልጅ ስለ ጦርነት ይወቅ ከተባለ የሚገባው የሱ ነገር ነው፤ እሱን ለመንገር ደግሞ ቤት ውስጥ፣ ቡና ተፈልቶ፣ አያት ባለችበት ይበቃል።

ሌላም አለ። ቁልቋል በር ላይ ከጣሊያን ጎን ተሰልፎ የሞተው አበሻስ? ይሄን ለስምንት ዓመት ልጅ እንዴት ያስረዱታል? «ባንዳ» ብለው ያልፉታል። ልጁም ሰኞ ክፍል ገብቶ እርሳስ የከለከለውን ጓደኛውን «አንተ ባንዳ» ይለዋል። ይሄን ስድብ ሰልችቶኛል።

የአዘዞው አባት፦

የባንዳውን ነገር ጥሩ አነሳሽው፣ ግን የሚያግዘው እኔን ነው። ስድቡን ከየት ተማረው? ጦር ሜዳ ወስዶ ያሳየው ሰው የለም። ቲክቶክ ነው ያስተማረው! እዚያ ስልክ የያዘ ሁሉ ጦርነቱን እንዳሻው እየተሳደበ ይተርክለታል፣ አጠገቡ አባት የለም። እኔ ቦታው ላይ ብቆም ግን በሁለቱም በኩል የኛው ሰው ነበረ እለዋለሁ። አርበኞቹን አሞራው ውብነህን፣ ብትወደድ አዳነ መኮንንን እነግረዋለሁ። ዱር ቤቴ ብለው ስለተራቡት፣ ለጣሊያን ስላደረውም፣ መሃል ላይ ሰብሉ ስለተቃጠለበት ገበሬም።

አያት ትንገረው ላልሽው ደግሞ የትኛዋ አያት? በ1934 የ20 ዓመት ልጅ የነበረች ዛሬ መቶ አልፏታል። የኔ እናት የምታወራው ስለ ደርግ ነው፣ ጎንደርን ለደርግ ይገዛ በነበረው በመላኩ ተፈራ ጊዜ ስላለቁት የሰፈሯ ወጣቶች። እሱንም እንባዋ እየመጣ ታቋርጠዋለች።

የማራኪዋ መምህርት፦

ሲያለቅሱ ልጅዎ ያያቸዋል አይደል? እኔ የምፈልገው ትምህርት እሱ ነው። ማንም ሳይፎክር፣ የሚወዳት አያቱ ስታለቅስ አይቶ የሚጠይቀው ጥያቄ።

ትልልቆቹን ይውሰዱ፣ እሺ። የሚጠይቅና የሚከራከር ልጅ ይሂድ። ለትንሹ ግን ደብረ ብርሃን ሥላሴ አለለት። ደርቡሽ በ1880 ጎንደርን ሲያቃጥል የተረፈች ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ንብ ወጥቶ መለሳቸው ይባላል። ልጆች የንቡን ነገር እንዴት እንደሚወዱት! ጦርነቱም አለበት፣ ቀና ሲሉ ደግሞ ጣሪያው ሙሉ የመላእክት ፊት ነው። እዚያ የሚፈራ ልጅ አላየሁም።

የአዘዞው አባት፦

ሥላሴንማ ለምደውታል። ኅዳር ላይ መንገዱ ሰላም ከሆነ ቁልቋል በር ሦስቱንም ይዤ እሄዳለሁ። ትንሹ ከደከመው አዝለዋለሁ። ያልሽው ተማሪም ቤተሰቦቹ ከፈቀዱ መኪናው ላይ ቦታ አለ።

የማራኪዋ መምህርት፦

እሱን ልጅ አይወስዱትም ጋሼ። ለቤተሰቦቹም እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ።