6000 ብር በአንዴ? ከየት አምጥተን አቦ!

ኧረ ዛሬስ ልተንፍስ። ከድሬ ወጣ ብሎ ያለ አንድ የአትክልት እርሻ "አባል ሁኑ፣ በየሳምንቱ ትኩስ አትክልት ከማሳ" እያለ ነው ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ደወልኩ። ደላላ የለበትም፣ ከቀፊራ ገበያ ይረክሳል አሉኝ። ሒሳቡን ሠራሁት፣ እውነትም ይረክሳል። ሳምንት 500 ብር። ከዛ "የ3 ወሩን 6000 ብር በአንዴ ገቢ አድርጉ" አይሉኝ መሰላችሁ?

6000 ብር በአንዴ የሚያወጣ ሰው'ኮ ድሮም የቲማቲም ዋጋ አያስጨንቀውም።

ጎረቤቴ እንጀራ ጋግራ ነው የምትሸጠው። የዛሬ ሽንኩርቷ የሚገዛው በዛሬ እንጀራዋ ነው። ስለዚህ በመደብ ትገዛለች፣ አራት ሽንኩርት፣ ሦስት ቲማቲም፣ በኪሎ ሲሰላ ከኔ በላይ እየከፈለች። ይቺ ሴት ግን የቀን ዕቁቧን አሳልፋ አታውቅም። ታማ እንኳ በልጇ ትልካለች። እሷን በየሳምንቱ ክፈይ ብሎ ማመን ምን ይከብዳል? ስጠይቅ "ሲስተሙ አይፈቅድም" ተባልኩ። ሲስተም! ለጎመን!

ገበሬው ዘርና ናፍጣ የሚገዛው ቀድሞ ነው፣ ይገባኛል። ግን ይህ አሠራር በተስፋፋበት አሜሪካ እንኳ በመንግሥት የምግብ ድጎማ ካርድ የሚከፍል ሰው ገንዘቡ ከርክክቡ ከ14 ቀን በላይ ቀድሞ አይወሰድበትም። ያለው ጨምሮ የሌለው ቀንሶ የሚከፍልባቸው እርሻዎችም አሉ፣ ማሳ ላይ ጥቂት ሰዓት ሠርቶ ድርሻውን የሚወስድም አለ። እዚህ ድሬም ከዚራ ሰፈር የሚኖር፣ ያለው ሰው 50 ብር ቢጨምር ምን ይሆናል? (እኔም እጨምራለሁ፣ ደመወዝ የወጣ ሰሞን ከሆነ።)

ቅርጫቱ ደግሞ የትልቅ ቤተሰብ ነው። በድሬ ሙቀት፣ ፍሪጅ የሌለው ቤት፣ ያን ሁሉ ሰላጣና ቲማቲም ምን ያድርገው? በሦስተኛው ቀን የፍየል ነው። ግማሽ ቅርጫት የላችሁም ወይ ብል "ለወደፊት" አሉኝ። መረከቢያውም ከሰፈራችን ሩቅ ነው፣ ስለዚህ ረከሰ የተባለው ብር ባጃጅ ላይ ያልቃል።

ይሄን ሁሉ ለጎረቤቴ ስነግራት ሳቀች። "ሦስት ቤት ሆነን ዕቁብ እንጣልና አንድ ቅርጫት እንግዛ፣ እዚሁ እንካፈለዋለን፣ ባጃጁም አንድ ይሆናል" አለች። በሁለት ደቂቃ ጨረሰችው! መልሼ ደወልኩ። "አንድ ድርሻ በአንድ ሰው ስም ብቻ ነው የሚመዘገበው።"

እሺ። ዕቁቡን ጀምረናል፣ ብሩ ሲሞላ በኔ ስም እመዘገባለሁ። ያን ሁሉ ጎመን ብቻዬን የምበላ ይምሰላቸው።