«እኔ ጋ ይሠራል እኮ!»

በአዲስ አበባ ስሞልቶክ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ እንጀራቸውን የሚበሉ ሰዎች ቢሰበሰቡ አንድ ሚኒባስ ታክሲ ይሞላሉ ብዬ አልገምትም፤ ስለዚህ ይህ ብሶት ለብዙዎቻችሁ ባዕድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን «እኔ ጋ ይሠራል እኮ!» የሚለውን መልስ ከሥራ ባልደረባችሁ ሰምታችሁ ደማችሁ የፈላ ሁሉ፣ በየትኛውም ቋንቋ ብትጽፉ፣ ዘመዶቼ ናችሁና እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ቢሯችን ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለአስመጪዎችና ለመድኃኒት አከፋፋዮች የዕቃና የሒሳብ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር እንሠራለን። የምንሠራው በፋሮ ነው፤ ፋሮ እ.ኤ.አ. በ2008 ስኩዊክ ከተባለ ሌላ የስሞልቶክ ዝርያ ተገንጥሎ የወጣ ነው። ቋንቋውን የመረጡልን የቡድናችን አንጋፋ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ምርጫቸውን አልነቅፍም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አለን ኬይ፣ ዳን ኢንጋልስና አዴል ጎልድበርግ ከባልደረቦቻቸው ጋር ፓርክ በሚባለው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል የሠሩት ስሞልቶክ እስከ ዛሬ ከሞከርኳቸው ሁሉ ለእጄ የሚጣፍጠኝ ነው፤ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ስህተቱ ላይ ቆሞ፣ እዚያው አርሞ፣ ካቋረጠበት ማስቀጠልን አንዴ የለመደ ሰው ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመለስ እጁ የታሰረ ይመስለዋል። የሚያንገበግበኝ የእኛ አያያዝ ነው።

በሌሎች ቋንቋዎች ኮድ ማለት ፋይል ነው። በስሞልቶክ ግን ክላሱም (የኮዱ ዋና ክፍል)፣ ሜተዱም (በክላሱ ውስጥ አንድን ሥራ የሚሠራው ቁራጭ ኮድ)፣ የተከፈተው መስኮትም፣ ትናንት የተሞላው መረጃም ኢሜጅ በሚባል አንድ ፋይል ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ ሴቭ ስታደርጉት ሁሉም እንዳለ ዲስክ ላይ ይሰፍራል፣ ነገ ስትከፍቱት መስኮቱ እንኳ ከነበረበት ቦታ አይነቃነቅም። ኢሜጅ እንደ እርሾ ነው። ከትናንቱ ሊጥ ተቀድቶ ለዛሬው ይጨመራል፣ ከዛሬው ተቀድቶ ለነገ ይቀመጣል፤ መጀመሪያ ከየትኛው ጎረቤት እንደ መጣ፣ በመሐል ማን ምን እንደ ጣለበት የሚያስታውስ የለም፤ እንጀራው ዓይን እስካወጣ ድረስም የሚጠይቅ የለም። የእኛ ቤት እርሾ የሚኖረው በጋሼ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። አዲስ ቨርዥን ለደንበኛ ሲወጣ ጋሼ ኢሜጃቸውን ይከፍታሉ፣ እኛ የጻፍነውን ይጭኑበታል፣ እዚህም እዚያም ጠቅ ጠቅ አድርገው ይሞክሩታል፣ ሴቭ ያደርጋሉ፣ ከዚያ በፍላሽ ገልብጠው ይልካሉ። ይህንን ነው እኛ ያለ አንዳች እፍረት «ቢልድ» ብለን የምንጠራው።

ሁለት ዓመት ሙሉ በየስብሰባው «ኮዳችን ከባዶ ኢሜጅ ተነሥቶ፣ ሰው እጁን ሳያስገባ፣ በየሌሊቱ ሰርቨር ላይ ይሠራ» እያልኩ ለመንኩ። ጥሩ ሐሳብ ነው ተባልኩ። በቃለ ጉባኤም ሰፈረ።

ሰኔ 24 ቀን ጋሼ ለቅሶ ለመድረስ ደሴ ሄዱ፤ ላፕቶፑም አብሮ ሄደ። በማግስቱ አንድ ደንበኛ ደውለው የዓመት መዝጊያ ሪፖርታቸው ላይ ስህተት እንዳገኙ ነገሩን። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ስህተቱን ለማረም ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም፤ ያረምኩትን ለደንበኛው ለማድረስ ግን ስድስት ቀን አለፈ።

የቢልድ ስክሪፕቱ ራሱ ከሀያ መስመር አይበልጥም። አዲስ ኢሜጅና ቨርቹዋል ማሽን ያወርዳል፣ ሜታሴሎ በተባለው መሣሪያ አማካይነት ቤዝላይናችንን አንብቦ ፓኬጆቹን፣ ማለትም የኮድ ጥቅሎቹን፣ ይጭናል፣ ቴስቶቹን ያስኬዳል፣ ሴቭ ያደርጋል። ቤዝላይን ማለት የትኛው ፓኬጅ በየትኛው ላይ እንደሚደገፍ፣ ከውጭ የምንወስደውም ከየት እንደሚመጣ የሚዘረዝር አንድ ክላስ ነው። የእኛ ቤዝላይን ይህንን ይዘረዝራል ብዬ ነበር የማምነው።

መጀመሪያ የወደቀው ጊትሀብ ከተባለው የኢንተርኔት የኮድ ማከማቻ የምንወስደው አንድ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌላ ሰው የጻፈው ዝግጁ ኮድ፣ ነው። ቤዝላይናችን ቁርጥ ያለ ቨርዥን ከመጥቀስ ይልቅ «ማስተር» የተባለውን ብራንች፣ ማለትም የኮዱን ቅርንጫፍ፣ ይጠራል፤ ጊትሀብ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ለአዳዲስ ማከማቻዎች የሚሰጠውን ስም ወደ «ሜይን» ሲለውጥ፣ የላይብረሪው ባለቤትም በጊዜው የራሳቸውን ለወጡ። በጋሼ እርሾ ውስጥ አሮጌው ቅጂ ተጭኖ ስለሚኖር ይህን ያየ ሰው አልነበረም። እሺ፣ ይህስ ቀላል ነው፤ በአንድ ቃል ተስተካከለ።

ቀጥሎ ጭነቱ «በሰላም» ተጠናቀቀ። ይህ ሰላም ነው ያናደደኝ። ፋሮ ኮድ ሲጭን በኮዱ ውስጥ የተጠራ ክላስ ኢሜጁ ውስጥ ከሌለ ስሙን «አንዲክሌርድ» በሚባል መዝገብ ውስጥ አስፍሮ፣ ትራንስክሪፕት በሚባለው የመልእክት መስኮት ላይ አንዲት መስመር ጽፎ መንገዱን ይቀጥላል። በዚያ ስም ቦታ የሚቀመጠው ኒል፣ ማለትም «ምንም»፣ ነው። ከዚያ ፕሮግራሙ ሲሮጥ ያ መስመር ላይ ሲደርስ «ኒል ይህን መልእክት አያውቅም» የሚል ስህተት ይወጣል፤ እናንተም ባዶ የሆነውን ዋጋ ፍለጋ ግማሽ ቀን ትባዝናላችሁ፣ የጠፋው ግን ዋጋ ሳይሆን ክላሱ ራሱ ነው። የእኛ የሪፖርት ፓኬጅ የሚጠራቸው ሁለት ክላሶች በቤዝላይኑ ውስጥ ፈጽሞ አልተጠቀሱም። ጋሼ ጋ አሉ፤ ድሮ ለሙከራ ብለው የጫኑት ፓኬጅ ውስጥ።

ሦስተኛውን ስናገር አሁንም እጄ ይንቀጠቀጣል። ሶፍትዌራችን በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ነው የሚሠራው፤ አሥራ ሦስት ወር፣ ጳጉሜን አምስት ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ስድስት። ጋሼ ቀን መለወጫውን የጻፉት ፋሮ ውስጥ ባለው ዴት በተባለው ክላስ ላይ ሜተድ ጨምረው ነው። ይህ በስሞልቶክ ነውር አይደለም፤ የሌላ ሰው ክላስ ላይ ሜተድ መጨመር ይቻላል፤ ነገር ግን ሜተዱ የእናንተ ፓኬጅ ንብረት እንዲሆን የሚቀመጥበት ፕሮቶኮል ስም በኮከብ ምልክትና በፓኬጃችሁ ስም መጀመር አለበት። ኮከቧ ከተረሳች ሜተዱ የክላሱ ባለቤት የሆነው የፋሮ ፓኬጅ ንብረት ሆኖ ይቀራል፤ ኮዱን ጊት ወደተባለው የኮድ መዝገብ የሚያስገባው አይስበርግ ደግሞ ኮሚት ስታደርጉ (ለውጡን ስታስመዘግቡ) የራሳችሁን ፓኬጆች ብቻ ይመለከታልና «ሁሉም ተቀምጧል» ብሎ ያሰናብታችኋል። ጋሼ ኮከቧን ረስተዋል። የድርጅታችን ዋና መለያ ነው እያልን የምንሸጠው የቀን መለወጫ ኮድ ጊት ውስጥ አንድ ቀን ገብቶ አያውቅም!

ደወልኩ። ከድንኳኑ ወጣ ብለው አነሡት፤ በለቅሶ ቦታ ማስቸገሬ እያሳፈረኝ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ቀን መለወጫው የታለ?»

«ዴት ላይ ነዋ፣ ልጄ።»

«እኔ ጋ የለም።»

«እንዴት ሊሆን ይችላል? እኔ ጋ ይሠራል እኮ!»

ማታ ላፕቶፑን ከፍተው ሜተዱን በስልካቸው ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም ላኩልኝ። እያየሁ ጻፍኩት። ያ ሜተድ ሌላ ሜተድ ይጠራል፤ እሱም ኮከብ የለውም። ሁለተኛ ፎቶ። ሦስተኛ ፎቶ። በ21ኛው ክፍለ ዘመን፣ ኮድ በፎቶ!

ከዚያ ደግሞ የተጨማሪ እሴት ታክሱ ዜሮ እንኳ ሳይሆን ኒል ሆኖ ተገኘ። 15 በመቶ መሆኑን ሕፃን ያውቃል፤ ኮዳችን ግን አያውቅም፣ ምክንያቱም ቁጥሩን ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ፕሌይግራውንድ በሚባለው የመሞከሪያ መስኮት ላይ ጽፎ በእጁ ወደ ክላሱ ተለዋዋጭ አስገብቶ ሴቭ አድርጎታል፤ ባዶ ኢሜጅ ላይ ይህንን የሚደግም አንድም መስመር አልተጻፈም።

በዚህ ሁሉ መሐል የመብራቱ መጥፋት አለ። ግማሽ የተጫነ ኢሜጅ አይታመንምና ኔት በተቋረጠ ቁጥር ከማውረድ እንደገና መጀመር ነው። ሰኔ 27 ከሰዓት በኋላ መብራት ስለጠፋ ከታች ያለው ካፌ ወርጄ በስልኬ ዳታ አወረድኩ፤ ሦስት ማኪያቶ ጠጣሁ፤ አስተናጋጇ «ዛሬም ገንፎ ነው የምታማስለው?» ብላ ስታሾፍብኝ ስክሪኑ ላይ የሚዞረውን ክብ ማለቷ ነበር።

መሣሪያ የለም የሚለኝ ሰው ካለ እጣላዋለሁ። ሞንቲሴሎ የፓኬጅ ቨርዥን መያዝ የጀመረው ከፋሮም በፊት ነው፤ ሜታሴሎ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ይመዘግባል፤ አይስበርግ ከጊት ጋር ያገናኛል፤ ቶኔል እያንዳንዱን ክላስ በሰው ዓይን በሚነበብ አንድ ፋይል ይጽፋል፤ ስሞልቶክ ሲአይ የተባለው ደግሞ አንድ አጭር የማዋቀሪያ ፋይል ሰጥታችሁት ጭነቱንም ቴስቱንም ሰርቨር ላይ ያስኬድላችኋል። ፋሮ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው 7ኛው ቨርዥን ጀምሮ የራሱን ኢሜጅ ከምንጭ ኮዱ እንደ አዲስ ያቦካል፤ የቋንቋው ባለቤቶች የድሮውን እርሾ ደፍተው ከዱቄትና ከውሃ ሲጀምሩ እኛ የአንድ ሰው ላፕቶፕ እናመልካለን። የመሣሪያው ጥፋት ፈጽሞ የለም አልልም፤ የጎደለን ክላስ በሹክሹክታ ተናግሮ የሚያልፍ ጫኝ ባይኖር እመርጥ ነበር። ዳሩ ግን በየሌሊቱ ከባዶ የሚሠራ ቢልድ ቢኖረን ያ ኮከብ የተረሳበት ቀን ማታውኑ ይታወቅ ነበር፤ ጋሼም በማግስቱ ቡና እየጠጡ በሁለት ደቂቃ ያስተካክሉት ነበር፤ ዛሬ በለቅሶ ቤት ፎቶ ባላነሡም ነበር።

ሰኔ 29 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ቢልዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከባዶ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ሄደ። ከ214 ቴስቶች 212ቱ አለፉ። የወደቁት ሁለቱ ጳጉሜን 6ን የሚፈትሹት ናቸው፤ አራተኛ ሜተድ አለ ማለት ነው፣ ፎቶው ያልደረሰኝ። ጋሼ ተኝተዋል፤ በዚያ ሰዓት መደወል አልደፈርኩም።

ሲነጋ ከደሴ በአውቶቡስ የመጣ የጋሼ ዘመድ ቢሮ ድረስ መጥቶ አንዲት ፍላሽ አስረከበኝ። ውስጧ አንድ ኢሜጅ ብቻ አለ፤ ስሙ «የመጨረሻ የመጨረሻ 3» ነው። ያረምኩትን ስህተት ከለቅሶው ቤት ሆነው እዚያው ላይ አርመውታል። ጋሼም በቴሌግራም «ለደንበኛው ይህን ጫንላቸው፣ የአንተን ለሐምሌ እናቆየው፣ ጎበዝ ነህ» ብለው ጽፈውልኛል።

ጫንኩላቸው። ምን ላድርግ፣ ሰኔ 30 ነው።