አሮጌ መኪና ይሻላል ያላችሁኝ፣ ኑና ንዱት!

«አሮጌ ላንድክሩዘር ያዝ፤ ኮምፒውተር የለው፣ የትም መንደር ይጠገናል» የሚሉ ሰዎች አሉ። እስቲ አንዳቸው ሜክሲኮ አገር፣ ቺዋዋ ግዛት መጥተው ከሴሮካዊ መንደር በላይ ካለው ተራራ ሸለቆው ውስጥ ወዳለችው ኡሪኬ ከተማ ይውረዱ! ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስተህ 550 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለ ወንዝ ነው የምትወርደው።

ላይ ስትሆን አየሩ ስስ ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ግን ምን ገዶት! ቤንዚኑን እንደ ልማዱ ያፈሳል። ሞተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ዳገት ላይ ይለግማል። ቁልቁለቱ ደግሞ ይብሳል። በከባድ ማርሽ ይዤው እንኳ የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ ፔዳሉ ወለል ድረስ ሰጠመ። ከመንገዱ ጠርዝ ወዲያ ያለው ገደል ነው፤ መከላከያ ብሎ ነገር የለም። እስኪቀዘቅዝ ቁጭ ብሎ መጠበቅ እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል? ፎር ዊሉን ለማስገባትም ከመኪናው ወርደህ የፊት ጎማዎቹን መቆለፊያ በእጅህ ታዞራለህ። የግራው አቧራ በልቶ ድርቅ ብሏል። በፒንሳ ስታገለው ጣቴ ተላጠ።

እኔ እዚያ ስበግን የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት የራራሙሪ እናቶች ልጅ አዝለው በእግራቸው ጥለውኝ ሄዱ። የተጫሙት ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ሰንደል ነው፤ ቁርጥ የኛ በረባሶ። ጎማ እዚህ አገር እግር ላይ ሲሆን ይሠራል ማለት ነው! የኔው ግን የኋላ ቀኙ ተንፍሷል፤ ትርፍ ጎማው ቀድሞ ፈንድቷል። ጎሚስታው ደግሞ የወረድኩት ዳገት አናት ላይ ነው።