ዲግሪ የሚጠይቅህ የለም

«ዊኪፒዲያ ላይ የአካባቢ ታሪክ የሚጽፈው ምሁር ብቻ ነው፤ እኔ የጻፍኩትን አንቀጽ የሰረዙት ዲግሪ ስለሌለኝ ነው» ላልከው ወዳጄ፦ ይሄ ብዙ ሰው የሚያምነው ስህተት ነው። ዊኪፒዲያ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የሚጻፈው በበጎ ፈቃደኞች ነው። የትምህርት ማስረጃ አምጣ የሚል የለም። የሚጠየቀው የታተመ ምንጭ ነው።

ፕሮፌሰርም ቢሆን ያልታተመ ግኝቱን እዚያ ማውጣት አይፈቀድለትም። አንተ «ድልድዩን የሠሩት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው» ብለህ ጻፍክ። ከየት እንዳገኘኸው ግን አልጠቀስክም። ታዲያ አንባቢው በምን ያረጋግጥ? ያንኑ ነገር አንድ የድሮ ጋዜጣ ላይ ካገኘኸው የጋዜጣውን ስም፣ ቀኑንና ገጹን ጻፍ። ጋዜጣው ኢንተርኔት ላይ ባይኖርም ችግር የለውም፤ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ማየት ከተቻለ ይበቃል።

የሽማግሌዎቹ ቃል ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፣ በጭራሽ! ሳይረፍድ ድምፃቸውን ቅዳ። ከዚያ ለታሪክ መጽሔት ወይም ለአንድ ተመራማሪ ስጠው። ተጣርቶ ሲታተም ያኔ ምንጭ ይሆናል።

ደግሞ አንቀጽህ አልጠፋም። የገጹን የለውጥ ታሪክ ክፈት፤ እንዳለ ታገኘዋለህ።