የጋራዡ መካኒክ «ቦዲ አይበላሽም» አለኝ እኮ!

ገና አሁን መግባቴ ነው። እጄ ላይ ያለው ዝገት እንኳ አልለቀቀም። ይኼን ሳልጽፍ ብተኛ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።

ካምፐሯን፣ የምተኛባትን ቤት-መኪናዬን፣ ታውቋታላችሁ። ችግሯንም እስኪሰለቻችሁ ነግሬያችኋለሁ። የውኃ ፓምፑ በተነሳ ቁጥር የኋላው መብራት ይደበዝዛል። የፊተኛው ንቅንቅ አይልም። ፓምፑ ሲቆም የኋላው ቦግ ብሎ ይመለሳል። ይኼ ምልክት ብቻውን ለሚያስብ ባለሙያ ግማሽ መልስ ነው። ጥፋቱ የባትሪው ቢሆን የፊቱም አብሮ በደበዘዘ ነበር። ሁለቱም ከአንድ ባትሪ ነው የሚጠጡት!

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ ግን ምንም ሳይለካ ባትሪ ቀየረ። አዲስ ባትሪ፣ ያው ድብዝዝ። ስመለስና ስጠይቅ «አሮጌውም መቀየሩ አይቀርም ነበር» ተባልኩ። እሺ ብዬ ዋጥኩት።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ጋ። ከመሄዴ በፊት እኮ ሥራውን ጨርሼላቸው ነበር። ፓምፑን አስነስቼ ለካሁ። ባትሪው ላይ 12.4 ቮልት። የኋላው መብራት ላይ 9.8። 2.6 ቮልት የት ገባ? ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ መብራቱ ፖዘቲቭ ስለካ 0.2 ብቻ። ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ መብራቱ ኔጋቲቭ ስለካ 2.4! አለቀ። ማሳው ነው፤ ከረንቱ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበት መስመር። ቁጥሩን ሁሉ በወረቀት ጽፌ ይዤ ሄድኩ፤ ሰውዬው ጊዜ እንዳያባክን ብዬ።

ታናሽ ወንድሜ አብሮኝ ነበር። የመጣው ሊሸኘኝ ነው። ልጁ መንጃ ፈቃድ የለውም፤ ፊውዝና ፍላሽ ዲስክ ጎን ለጎን ብታስቀምጡለት የትኛው የትኛው እንደሆነ ይጠይቃችኋል። ሰውዬው ግን ገና ከበሩ ጀምሮ የሚያወራው ከእሱ ጋር ነው።

«ምን ሆነች?» አለው።

«የኋላው ማሳ ነው» አልኩ እኔ። «መብራቱና ፓምፑ የሚጋሩት። ለክቼዋለሁ፣ ይኸው ቁጥሩ።»

ወረቀቱን አላየውም። ወደ ወንድሜ ዞሮ ሳቀ። «ለክታለች?»

«እሷን ይጠይቋት» አለ ወንድሜ። እግዜር ይስጠው።

«እህቴ፣ ዩቲዩብ አይተሽ ነው አይደል?»

ዝም አልኩ። ቴስተሩን አወጣ። ፓምፑ ጠፍቷል፣ መብራቱ ጠፍቷል፣ ምንም የሚሠራ ነገር የለም። የኋላው መብራት ላይ ለካና እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ አሳየን፤ ለእኔ ሳይሆን ለወንድሜ። «12.5። ሽቦው ጤነኛ ነው።»

«ፓምፑን አስነስተው ይለኩት» አልኩት።

«ምን ለውጥ አለው? ቮልት ቮልት ነው።»

ኧረ ወገን! በዚህ ዓረፍተ ነገር ስንት ሰው ስንት ዕቃ በከንቱ ቀይሯል! ቴስተር ራሱ የሚስበው ከረንት ከምንም የሚቆጠር አይደለም። ሽቦው ተበልቶ አንዲት ክር ብትቀረው፣ ማሳው በዝገት ቢሸፈን፣ የሚሠራ ነገር እስከሌለ ድረስ ቴስተሩ ሙሉውን ቮልት ያሳያል። ጉዱ የሚወጣው ጭነት ሲመጣ፣ ማለትም ከረንት የሚስብ ነገር ሲነሳ ነው። የድሮ መካኒኮች ሁለት ሽቦ ያሰሩባት አምፖል ይዘው የሚፈትሹት ለምን ይመስላችኋል? አምፖሏ ራሷ ከረንት ስለምትወስድ በጣም የታመመ መስመር ላይ አትበራም፣ ብትበራም ትፈዛለች። መስመር ሥራ ላይ እያለ ካልተለካ ተለካ አይባልም።

ይኼን ሁሉ በትሕትና ነገርኩት። «እርስዎ» እያልኩ። መልሱን ስሙ።

«ማሳ እኮ ቦዲ ነው። ቦዲ አይበላሽም።»

አይበላሽም! ብረት፣ ስንት ዝናብ የበላ አሮጌ ብረት! ሽቦው ከቦዲው ጋር የሚታሰረው በብሎን ነው። በብሎኑና በብረቱ መሃል ቀለም ይገባል፣ ዝገት ይገባል፣ መኪናው በሄደ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፣ ብሎኑ ይላላል። ፓምፑ ሲሠራ ወደ 7 አምፔር ይስባል። 2.4 ቮልት እዚያች ብሎን ላይ ሲቀር 17 ዋት ገደማ ሙቀት ማለት ነው። ሬድዮ ጠጋኞች የሚበይዱባት ትንሿ ብረት የምታወጣውን ያህል! ይኼ ከእንጨት ግድግዳ ጀርባ፣ እኔ ከምተኛበት ሥር ነው የሚግለው። መብራቱ መደብዘዙ አይደለም የሚያስፈራኝ።

ከዚያ የዲናሞ ወሬ መጣ፤ ሞተሩ ሲዞር ባትሪውን የሚሞላው። «ዲናሞው ደክሟል» አለው ወንድሜን።

«ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ነው እኮ የሚደበዝዘው» አልኩ።

«እሱም ቢሆን።»

እሱም ቢሆን ምን? ሞተሩ ካልዞረ ዲናሞው ምን ሊያደርግ? እየሄድኩ እያለሁ ስለካ 14.2 ያሳያል፤ ዲናሞዬ ከእኔ የተሻለ ጤነኛ ነው።

ያበድኩት ግን በመጨረሻው ነው። የፓምፑ ፊውዝ አልፎ አልፎ ይቃጠላል ብዬው ነበር። ሳጥኑን ከፈተ፣ ሰማያዊውን 15 ነቀለ፣ አረንጓዴውን 30 ሊሰካ! እጁን ያዝኩት። በቃ ያዝኩት። «ምን እያደረጉ ነው?» ስለው «እንዳይቃጠልብሽ ነዋ» አለኝ። 

ፊውዝ እኮ የሚጠብቀው ፓምፑን ሳይሆን ሽቦውን ነው! የእኔ ሽቦ 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ነው። 15 አምፔር ተብሎ የተጻፈው ለእሱ ተሰልቶ ነው። 30 ብታስገባለት የሆነ ቦታ ሾርት ሲያደርግ ፊውዙ ተመቻችቶ ይቀመጣል፣ ሽቦው ራሱ ፊውዝ ይሆናል፣ ግድግዳው ውስጥ። ፊውዝ ሲደጋገም መቃጠሉ መልእክት ነው። መልእክተኛውን አጠንክሮ ዝም ማሰኘት ጥገና ነው እንዴ?

ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ።

አሮጌ ካምፐር ከባድ መሆኑን አልክድም። አንድ መኪና ውስጥ የተለያየ ዓለም አለ። የሞተሩ ሽቦ አለ፤ መኪናውን የሠራው ፋብሪካ የዘረጋው። የቤቱ 12 ቮልት አለ፤ ቤቱን የሠራው ሌላ ድርጅት። ከውጭ ሶኬት ተሰክቶ የሚገባው የቤት ኤሌክትሪክ አለ፤ እሱን ወደ 12 ቮልት የሚቀይረው ቻርጀር አለ። በዚያ ላይ መኪናዋ ያለፈችባቸው ባለቤቶች በሙሉ የየራሳቸውን ጨምረዋል። ቀይ ሆኖ ግድግዳ ውስጥ የገባ ሽቦ በሌላ በኩል ቡኒ ሆኖ ይወጣል። ጠምዝዘው በናስትሮ የጠቀለሉት መጋጠሚያ አለ፤ ናስትሮው በሙቀት ቀልጦ ሙጫ ሆኗል። ለቤት ግድግዳ የተሠራ፣ የሚጠመዘዝ የፕላስቲክ ቆብ አስገብተው የሄዱም አሉ። ቤት አይንቀጠቀጥም እኮ! መኪና ላይ እሱ ራሱን ፈትቶ ይወድቃል። ከኋላዬ የሚመጣ ሰው አለ ብሎ የሚያስብ የለም። አንድ ወረቀት ላይ «ይቺን ከዚህ ወስጄ እዚህ አሰርኳት» ብሎ መጻፍ ምን ያህል ይከብዳል?

ቆይ፣ ይኼንንም ልናገር፤ እስካሁን ሆዴ ውስጥ ነው ያለው። ባለፈው የውጭውን ኤሌክትሪክ ሰክቼ፣ መሬቱ ርጥብ ሆኖ፣ የበሩን እጀታ ስይዝ ነዘረኝ። አንዱ ዐዋቂ ነኝ ባይ «እርጥበት ነው፣ ጫማ አድርጊ» አለኝ። ጫማ! ቦዲው ከነዘረ የመሬት ሽቦው (የሚያፈሰውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው) የሆነ ቦታ ተቋርጧል፣ የሆነ ነገር ደግሞ ወደ ቦዲው እያፈሰሰ ነው። ይኼ ሰው ይገድላል። ነቅዬ፣ ገመዱን ስፈትሽ የመሬት ሽቦው ፕላጉ ውስጥ ተበጥሷል። የምሬን ነው የምላችሁ፣ የማንም ካምፐር ቦዲ ትንሽ እንኳ ከነዘራችሁ ወዲያው ከምንጩ አጥፉ። አትነካኩት፣ ልጆች አታስጠጉ።

የጋዝ ማንቂያውስ? ባትሪው በአንድ ሌሊት ይወርዳል ስል ሌላው ጥበበኛ የማንቂያውን ሽቦ ቆርጦ «ይኼ ነው የሚበላው» አለኝ። ማንቂያው ከ0.1 አምፔር ብዙም አያልፍም። 100 አምፔር-አወር ባትሪን በዚያ ፍጥነት ግማሽ ለማድረስ 20 ቀን ገደማ ይፈልጋል። በአንድ ሌሊት የሚያወርድ 5 አምፔር ገደማ የሚጠጣ ነገር ነው። ሒሳቡ ከባድ አይደለም! እኔ በጋዝ ምድጃ አጠገብ ነው የምተኛው። ዕድሜዬን ቆርጦ ሊሰጠኝ ነበር እኮ። በነጋታው እኔው መልሼ አገናኘሁት።

ደከመኝ። እውነቴን ነው፣ አንዳንዴ ሽጫት ልገላገል እላለሁ። ከዚያ የሚገዛት ሰው ትዝ ይለኛል፤ ያቺን ብሎን ሳያውቅ ከእነ ልጆቹ ሊተኛባት ነው።

ለማንኛውም ዛሬ ከጋራዡ እንደወጣሁ ራሴ ገባሁባት። የውኃ ታንከሩን አውጥቼ ከጀርባው አገኘኋት። አንዲት ብሎን፣ የተደራረቡ የሽቦ ጫፎች፣ ከሥራቸው ቀለም። አዎ፣ ቀለም! ፋብሪካው የቀባው ቀለም ላይ ነው ያሰሩት፤ ስትሠራ የኖረችው በብሎኑ ጥርስ ብቻ ነው። ኔጋቲቩን ከባትሪ ነቀልኩ፣ ብረቱን እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት፣ አዲስ ጫፍ አሰርኩ፣ ጥርስ ያላት ዋሸር ከሥር አስገባሁ፣ አጥብቄ ከላይ ግሪስ ቀባሁ። ፓምፑን አስነስቼ ለካሁ። በማሳው በኩል የሚቀረው 0.1። መብራቱ ላይ 12.1። ፓምፑ እየሠራ መብራቱ ንቅንቅ አላለም! በደስታ ጮህኩ።

ይኼኔ የወንድሜ ስልክ ጮኸ። ጋራዡ ነው። ለካ ቅጹ ላይ የሞሉት የእሱን ቁጥር ኖሯል። «ወንድሜ፣ ዲናሞ አግኝተንልሃል» አለው። ወንድሜ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን ሰጠኝ። ማሳው መሆኑን፣ መጥረጌን፣ ቁጥሩን ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «ለጊዜው ነው፣ ይመለሳል» ብሎኝ ዘጋው። «ጎሽ» ማለት አይጠበቅበትም። «እንዴት ለካሽው?» ብሎ ቢጠይቀኝ ግን አስረዳው ነበር። ነገ የሚመጣበት ሰው ዲናሞ ሳይገዛ ይመለስ ነበር።

አሁን የቀረኝ ባትሪውን በሌሊት የሚያወርደው ነገር ነው። የምጠረጥረው የፍሪጁን ሪሌ፣ በኤሌክትሪክ የሚታዘዘውን ማብሪያ ማጥፊያ፣ ነው። ፍሪጁ በ12 ቮልት ሲሠራ ከ10 አምፔር በላይ ይጠጣል፤ ለዚህ ነው በእኔዋ ላይ ሞተሩ ሲጠፋ ሪሌው እንዲቆርጠው የተደረገው። ሪሌው ተጣብቆ ከቀረ ሌሊቱን ሙሉ ይጠጣል ማለት ነው። ቅዳሜ በባትሪው ኔጋቲቭና በገመዱ መሃል አምፔር መለኪያ አስገብቼ ፊውዝ በፊውዝ እየነቀልኩ አየዋለሁ። ቁጥሩ የወረደበት ፊውዝ እሱ ነው። ግን የእኔ ቴስተር ከ10 አምፔር በላይ አይችልም። ሽቦውን በውጭ አቅፎ የሚለካ፣ የዲሲ ከረንት የሚያነብ ክላምፕ ያለው ሰው ያውሰኝ። ኤሲ ብቻ የሚለካውን እንዳታመጡ፣ እሱ አይሠራልኝም። የሽቦ ጫፍ በደንብ የሚጨምቅ ፒንሳ ያለውም ይዞልኝ ይምጣ። «ሽጫት» ሊለኝ የሚመጣ ግን ቅዳሜን ቤቱ ያሳልፍ።