ከፍ አድርጉልኝ አልኩ እንጂ አበላሹልኝ አላልኩም!

አንጀቴ አሯል! ፒክአፔን ፊቱን 2 ኢንች ከፍ አድርጉልኝ፣ 33 ኢንች ጎማ ግጠሙልኝ ብዬ ለጋራዥ ሰጠሁ። ከፍ አደረጉት፣ ገጠሙት፣ ገንዘቡን ተቀበሉ፣ አለቀ። አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫና ዘንበል ማስተካከል) የሠራ የለም! አዲሶቹ ጎማዎች በውስጥ ጠርዛቸው በኩል ተላጩ። መኪና ከፍ ሲል የጎማው አቋም እንደሚዛነፍ የማያውቅ ሰው ለምን ይነካዋል?

መኪናው ከፍ በማለቱ የፊት አክስሉም (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) አሁን ተንጋዶ ነው የሚዞረው። የአክስሉ መገጣጠሚያ የላስቲክ ሽፋን ተቀደደ፣ ግሪሱ ቸርኬው ላይ ተረጨ፣ አሸዋ ገባበት፤ መሪ ባጠፍኩ ቁጥር ቀጭ ቀጭ ይላል።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን የፍጥነት መቁጠሪያው ነው። የፋብሪካው ጎማ 30 ኢንች ነበር። ወደ 33 ሲቀየር መቁጠሪያው 100 እያሳየኝ እኔ የምነዳው በ110 ነው! ይህ እኮ የሰው ሕይወት ነው። መስተካከል አለበት ያለኝ አንድም ሰው የለም፤ ከስልኬ ጋር ሳስተያይ ራሴ ነኝ የደረስኩበት። (ከባድ ጎማ ለማቆም ፍሬኑ የበለጠ እንደሚለፋም የነገረኝ የለም።)

ዕቃ የምጭንበት፣ ልጆቼን የማሳፍርበት መኪና ነው። ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ኖሮ እኮ ገንዘቡን እጨምር ነበር!