ነጭ ቀብተን እንገላገላለን

ቤት ለማደስ የተነሳ ሰው ሁሉ አፉን የሚያሟሽባት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ምንም አናወሳስብ፤ ነጭ ቀብተን እንገላገላለን።» ይህን የሚል ሰው ነጭ ስንት ዘመድ እንዳለው ያልሰማ የዋህ ነው። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1927 በ40 ቀለሞች የጀመሩት «ራል» የተባለው መለያ ዛሬ ከ200 በላይ ቀለሞችን በቁጥር ይዟል። ከእነዚህ ውስጥ 9002 ግራጫ ነጭ፣ 9003 የምልክት ነጭ፣ 9010 ንጹሕ ነጭ፣ 9016 ደግሞ የትራፊክ ነጭ ይባላሉ። ንጹሑን ከትራፊኩ ጎን ብታስጠጉት ወደ ቢጫ ያደላል፤ ንጽሕናው በአብዛኛው ስሙ ላይ ነው። ግራጫው ነጭ መጥቶ በሁለቱም ይስቃል። አመድ በዱቄት ይስቃል የተባለው እንዲህ ላለው ነው። መኝታ ቤታቸውን በትራፊክ ነጭ ለመቀባት የወሰኑ ባልና ሚስትም ቅድሚያ የሚሰጠው ለማን እንደሆነ አስቀድመው ቢስማሙ አይከፋም።

ትርኢቱ የሚጀምረው ግን ናሙናዎቹ ግድግዳ ላይ ተቀብተው ቤተሰቡ ፊታቸው ሲሰለፍ ነው። አክስት ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አድርገው «ሦስተኛው ደህና ነበር፤ ግን ሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ይለኛል» ይላሉ። ልጅ ስልኳን አውጥታ አንድ ሳሎን ታሳያለች። ሳሎኑ ውስጥ ሰው የለም፣ ጫማ የለም፣ የቻርጀር ገመድ የለም፤ እንደዚያ ባዶ ሆኖ የማያምር ቀለም ደግሞ የለም። አባት ከወንበራቸው ሳይነሱ «ለእኔ ሁሉም አንድ ነው» ብለው ጋዜጣቸውን ይገልጣሉ። ከዚህ ጉባኤ ውስጥ እጅግ አደገኛው ሰው እሳቸው ናቸው። ሥራው አልቆ፣ ዕቃው ተመልሶ፣ ሁሉም ሰው አረፍ ባለ ማግስት «እኔ እኮ ያኔም ጨልሟል ብዬ ነበር» የሚሉት እሳቸው ናቸውና። ቀለም ቀቢው ሮለሩን እንደያዘ ከዳር ቆሞ ያዳምጣል። ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፦ «እርስዎ እንደወደዱት፣ እትዬ።» በዚህ ሙያ ዕድሜ የሚያስረዝም ከዚህ የተሻለ መልስ አልተገኘም።

የሚከራከሩበት ቀለም ብዙውን ጊዜ ገና እርጥብ መሆኑን ደግሞ ልብ በሉ። በውሃ የሚቀጥነው የግድግዳ ቀለም ሲደርቅ በአብዛኛው ይጠቁራል። እርጥብ ናሙና ፊት ቆሞ የተኳረፈ ቤተሰብ የተኳረፈው ገና ባልተወለደ ቀለም ነው።

ብርሃኑንስ ማን አስታወሰው? ሱቅ ውስጥ መንትያ ይመስሉ የነበሩት መጋረጃና የሶፋ ጨርቅ ቤት ሲገቡ አንዱ ወደ አረንጓዴ፣ ሌላው ወደ ቡኒ ይሸሻል። ሻጩ ይታማል እንጂ አልዋሸም። በተለያየ ማቅለሚያ የተነከሩ ሁለት ጨርቆች በአንድ መብራት ሥር ፍጹም አንድ መስለው፣ በሌላ መብራት ሥር ሆድና ጀርባ ሊሆኑ ይችላሉ። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፤ 2700 ኬልቪን ገደማ ያለው ቢጫማ አምፖል ቀዩንና ቢጫውን ያሞግሳል፤ ወደ 6500 ኬልቪን የሚጠጋው የቀን ብርሃን ደግሞ ለሰማያዊው ይወግናል። ጠዋት የተወደደ ግድግዳ ማታ የሚጠላው በዚህ ምክንያት ነው። ናሙናውን በሰፊ ካርቶን ላይ ሁለት ጊዜ ቀብቶ፣ አድርቆ፣ እያዞሩ በየግድግዳው ማስደገፍና ከጠዋት እስከ ማታ ማየት ይህን ሁሉ ጠብ ያስቀራል። ይህን የሚያደርግ ቤተሰብ ግን እምብዛም አይገኝም፤ ትዕግሥት ያለው ሰው መጀመሪያውኑ ቤት አያድስም።

ቀለምን ብቻውን መዳኘት ከንቱ መሆኑን ያረጋገጠ ሰው አለ። ሚሼል ኡዤን ሼቭሩል የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት ፓሪስ በሚገኘው የጎብላን የምንጣፍና የግድግዳ ጨርቅ ማምረቻ የማቅለሚያው ክፍል ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር ደከመ የሚል አቤቱታ ቀረበለት። መርምሮ ሲያየው ጥቁሩ ምንም አልጎደለውም፤ ያደከመው አጠገቡ የተሸመነው ሰማያዊና ሐምራዊ ነበር። የምርምሩን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1839 አሳተመ፤ ሰውየው 102 ዓመት ኖሯል። ቤት እያደሱ እዚህ ዕድሜ ላይ መድረስ ግን የሚቻል አይመስለኝም።

ከሼቭሩል ግኝት የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው፦ የግድግዳ ቀለም መመረጥ ያለበት መጨረሻ ላይ ነው። ወለሉ ሴራሚክ ይሁን ፓርኬ በቀላሉ አይነቀልም። የሶፋው ጨርቅ ፋብሪካው ከሠራቸው ጥቂት ቀለሞች አያልፍም። የግድግዳ ቀለም ግን ጠብታ እየተጨመረበት ወደተፈለገው ሁሉ ይቀየጣል፤ ከሁሉም በላይ ታዛዡ እሱ ነው። እኛ ግን መጀመሪያ ግድግዳውን እንቀባና ከዚያ ለእሱ የሚስማማ ሶፋ ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ እንንከራተታለን። ስልሳ፣ ሠላሳ፣ አሥር የሚሉት የባለሙያዎች ቀመርም አለ፤ 60 በመቶው ለዋናው ቀለም፣ 30 በመቶው ለተከታዩ፣ 10 በመቶው ለማድመቂያው ይሆናል። ስልሳው ሰላማዊ ነው። ቤት የሚያምሰው አሥሩ በመቶ፣ ማለትም ያ ብርቱካናማ ትራስ ነው።

ስለ ቀለሙ ስምምነት ተደረሰ እንበል። ወዲያው «አንጸባራቂ ነው ወይስ ደብዛዛ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ይህም ከድጡ ወደ ማጡ ነው። አንጸባራቂ ቀለም የሚወዱ ሰዎች ቤታቸውን ሀብታም ያስመስልልናል ብለው ነው። እውነቱን ለመናገር አንጸባራቂ ቀለም ምስክር ነው። አመሻሽ ላይ ብርሃን ከመስኮቱ በአግድም ሲገባ ለሳኙ የት ጋ እንደቸኮለ፣ ስቱኮው የት ጋ እንደሳሳ፣ የድሮው ምስማር የት እንደነበረ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ደብዛዛው ብርሃኑን ስለሚበትነው ገመና ሸፋኝ ነው። እሱም የራሱ አመል አለው፤ የልጅ የእጅ አሻራ ሲያርፍበት በጨርቅ ብታሹት አሻራው ይሄድና በቦታው የሚያብረቀርቅ ክብ ይቀራል። ከዚያ በኋላ እንግዳ ሁሉ የሚያየው ያንን ክብ ነው። እንደ እኔ ከሆነ ለኮርኒስ ደብዛዛ፣ ለሳሎን ግድግዳ መካከለኛ፣ ለበር፣ ለዞኮሎና ውሃ ለሚነካው ሁሉ አንጸባራቂ መቀባት ይበጃል። ከአንድ ቁጥር የተቀየጡ ሁለት ጣሳዎች እንኳ አንዱ አንጸባራቂ ሌላው ደብዛዛ ከሆነ ግድግዳ ላይ ሁለት ቀለም ይመስላሉ፤ አንጸባራቂው ጠለቅ ይላል። ይህን የማያውቅ ሰው ሱቅ ድረስ ሄዶ ይጣላል።

ብረታ ብረቱ ደግሞ የባሰ ነው። አንድ ቀን የሳሎኑ በር ናስ መሳይ አዲስ እጀታ ይገባለታል። እጀታው ያምራል። ነገር ግን ለዓመታት ማንም ቀና ብሎ ያላያቸው ማጠፊያዎች በድንገት ያረጁ ይሆናሉ። ማጠፊያዎቹ ሲቀየሩ የመጋረጃው ዘንግ ያፍራል፤ ዘንጉ ሲቀየር የመታጠቢያ ቤቱ ክሮም ቧንቧ ይሸማቀቃል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴኒ ዲድሮ አንድ ቀይ የቤት ካባ አግኝቶ በዚሁ መንገድ ነው የተጎዳው። ካባው እጅግ ስላማረ ቀሪው ዕቃ አስጠላው፤ የገለባ ወንበሩ ሳይቀር ለቆዳ ወንበር ቦታውን ለቀቀ። ፈላስፋው ካልቻለው ተራው ሰው እንዴት ሊችለው? አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት ብረት ቢኖር፣ አንዱ በዝቶ ሌላው ካነሰና ሆን ተብሎ የተደረገ ከመሰለ፣ ማንም አይከስስም። የሚያስወቅሰው ለመመሳሰል ሞክሮ ለጥቂት የሳተው ነው።

ይህ ሁሉ አልፎ ቀቢው ሲጀምር፣ ጨዋ ከሆነ፣ ጣሳዎቹን በሙሉ አንድ ትልቅ በርሜል ውስጥ ገልብጦ ያማስላቸዋል፤ በተለያየ ቀን የተቀየጠ ቀለም በጥቂቱም ቢሆን ይለያያልና። ያም ሆኖ መጨረሻው ግድግዳ ላይ ያልቅበታል። አዲስ ጣሳ ይገዛል። አክስት ክዳኑ ሲከፈት ገና «ይኼ ያኛው አይደለም!» ይላሉ፤ ትክክል ናቸው። ልጅ ስልኳን ታወጣለች፤ አባት «ብያለሁ» ይላሉ። ቀቢው «እርስዎ እንዳሉት፣ እትዬ» ብሎ በቀረችው ቀለም እስከ ማዕዘኑ ድረስ ይጨርስና አዲሱን ጣሳ ከማዕዘኑ ወዲያ ይጀምራል። ሁለት ግድግዳዎች ማዕዘን ላይ ሲገናኙ የሚያርፍባቸው ብርሃን ስለሚለያይ፣ ከአንድ በርሜል ቢቀቡም አንድ አይመስሉም። እዚያ ላይ ልዩነቱን የሚያይ ሰው አይኖርም፤ አክስትም ጭምር።